ሳጥኑ ርካሽ፣ መስቀያው ውድ፦ የስላት ዎል ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ስላት ዎል ናቸው። ቡቲክና የሞባይል ዕቃ ሱቅ ግድግዳ ላይ የምናየው፣ አግድም ቦይ የተፈለፈለበት ሰሌዳ ማለታችን ነው። ለሸሚዝና ለቻርጀር መስቀያ የተሠራውን ሰሌዳ ብሎንና ሚስማር ማሸከም ሲፈለግ ሒሳቡ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ጋራዥ አለኝ። ከተዘጋ ቡቲክ ላይ ሁለት የስላት ዎል ሰሌዳ ገዝቼ ግድግዳው ላይ አስመታሁ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ፊውዝና ሪሌ የምለይባቸው ወደ ሃምሳ የሚሆኑ ትናንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖችም አሉኝ፤ ጀርባቸው ላይ ወደ ታች የታጠፈ ጆሮ አላቸው። መስቀያ ስጠይቅ ግን የአንዱ መስቀያ ዋጋ የአንዱን ሳጥን በለጠ። ሌላ መላ የለውም?

መልስ፦ አለው። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስቀያ መግዛቱን ይተዉት። ጆሮ ያለው ሳጥን የሚፈልገው ከሰሌዳው ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ የብረት ጠርዝ ብቻ ነው። 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ 10.5 ሴንቲ ስፋት ያላቸውን ሳጥኖች አሥራ አንድ አድርጎ ይይዛል። ሐዲዱ የሚሠራው ከሁለት ፍላት ባር፣ ማለትም ከሁለት ጠፍጣፋ ብረት ነው። አንዱ ቦዩ ውስጥ ተደብቆ ይገባል፣ ሌላው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ብሎን ያያይዛቸዋል።

ብረት ከመግዛትዎ በፊት ቦዩን ከሰሌዳው ጎን ሆነው ይለኩ። በጎን ሲያዩት የተጋደመ ‹ቲ› ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። አፉ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ አካባቢ ነው። የሚፈልጓቸው ሌሎቹ ልኮች የሆዱ ቁመት፣ የሆዱ ጥልቀትና ከፊት ያለው የቦዩ ከንፈር ውፍረት ናቸው። ሰሌዳ ከሰሌዳ ስለሚለያይ በግምት አይሂዱ። የሆዱ ቁመት 21 ሚሊና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 20 ፍላት ባር ይገባል፤ ካነሰ ባለ 15 ይግዙ።

ለአምስት ሐዲድ፣ ማለትም ለ55 ሳጥን፣ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ 20 በ3 ሚሊ ፍላት ባር አንድ ቤርጋ፣ 30 በ3 ሚሊ ፍላት ባር አንድ ቤርጋ፣ የኤም 6 (ባለ 6 ሚሊ ውፍረት) ብሎን 25፣ 25 ሚሊ ስፋት ያለው የኤም 6 ሮንዴላ 25፣ የኤም 8 ዳዶ 25። ባለ 6 ሜትር ቤርጋ በ1.2 ሜትር ሲቆረጥ ልክ አምስት ይወጣዋል። ከመጋዙ የሚጠፋው ሚሊ ጉዳት የለውም።

አንዱን ቀጭንና አንዱን ሰፊ ብረት ደርበው በሞርሳ ይያዙና ሁለቱን በአንድ ጊዜ በ5 ሚሊ መብሻ ይብሱ። ለየብቻ የተበሳ ብረት አምስቱም ቀዳዳ ሊገጥምለት ያስቸግራል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ከጫፉ 4 ሴንቲ ገባ ይበል፤ ከዚያ በየ28 ሴንቲ ይቀጥሉ፣ አምስተኛው ከሌላው ጫፍ 4 ሴንቲ ላይ ያርፋል። ከዚያ የሰፊውን ብረት ቀዳዳ ብቻ ወደ 6.5 ሚሊ ያስፉ፤ ለቀጭኑ የኤም 6 ጥርስ ያውጡለት። ጥርስ ማውጫ ከሌለዎት ቶርኖ ቤት ያስወጡ። ዳዶ ከኋላው እበይዳለሁ ብለው አይድከሙ፤ ለዳዶው ውፍረት ሆዱ አይበቃውም።

ቀጭኑን ብረት ከሰሌዳው ጎን ቦዩ ውስጥ አንሸራተው ያስገቡ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያቆምዎታል። አንደኛው ቦታ ነው፤ ከሰሌዳው ጎን ብረቱን የሚያስገቡበት ክፍት ከሌለና ግድግዳው ጥግ ከሆነ ሰሌዳውን ማውረድ ግድ ይላል። ሁለተኛው ሰሌዳው የተመታበት ቪቴ ነው። ራሱ ቦዩ ውስጥ ወጣ ብሎ ከቀረ ብረቱ እዚያው ይቆማል። ቪቴውን ፈትተው ቀዳዳውን በወፍራም መብሻ ትንሽ ያጎድጉዱና ራሱ ከቦዩ ወለል እኩል እስኪሆን መልሰው ይሰሩት፣ ወይም ቪቴ የሌለበትን ቦይ ይምረጡ።

ብሎኑ የሚያልፍበት ተራ እንዲህ ነው፦ ሰፊው ብረት፣ የኤም 8 ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የቦዩ አፍ፣ ከዚያ ውስጥ ያለው ቀጭን ብረት። የኤም 8 ዳዶ እዚህ የገባው ማራቂያ እንዲሆን ነው፤ የኤም 6 ብሎን ሳይነካካ ያልፍበታል፣ ውፍረቱም 6.5 ሚሊ ያህል ስለሆነ የሳጥኑ ጆሮ ይገባበታል። የሳጥንዎ ጆሮ ወፍራም ከሆነ ሮንዴላ ይጨምሩ። ሮንዴላውን ግን በፍጹም አይዝለሉት። የዳዶው ስፋት 13 ሚሊ፣ የቦዩ አፍ 10 ሚሊ ነው፤ ያለ ሮንዴላ ሲጠብቅ ዳዶው ሰሌዳው የተሠራበትን የተጨመቀ እንጨት፣ ኤም ዲ ኤፉን፣ ቆርጥሞ ቦዩ ውስጥ ይሰምጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የብሎኑ ርዝመት ላይ ነው። የሁሉንም ውፍረት ይደምሩ፦ 3 ሚሊ የፊት ብረት፣ 6.5 ዳዶ፣ 1.5 ሮንዴላ፣ 6 ወይም 7 የቦዩ ከንፈር፣ 3 የውስጥ ብረት፤ 20 ወይም 21 ሚሊ ይሆናል። ብሎኑ ከውስጠኛው ብረት ከ1 ሚሊ በላይ ካለፈ ጫፉ የቦዩን ጀርባ ይገፋል። እጅዎ ላይ የጠበቀ ይመስልዎታል፣ ሐዲዱ ግን ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ ባለ 25 ገዝተው በመጋዝ ይቁረጡት፤ ጥርሱ እንዳይበላሽ ከመቁረጥዎ በፊት ዳዶ ያስገቡበት፣ ከቆረጡ በኋላ ዳዶውን ሲፈቱት ጥርሱን ያስተካክለዋል። ብሎኑን በእጅ አጥብቀው ሩብ ዙር ብቻ በቁልፍ ይጨምሩ።

አሁን ሳጥን ሲሰቅሉ አፍንጫው ወደ ታች ሲዘም ያያሉ። የፊት ብረቱ የውጭ ገጽ ከሰሌዳው 11 ሚሊ ያህል ስለራቀ የሳጥኑ ታች ጀርባ ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ዳዶዎችም ወደ አፉ ይንሸራተታሉ። መፍትሔው ከሐዲዱ አናት 6 ሴንቲ ዝቅ ብሎ 12 ሚሊ የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በርዝመቱ በባለ 25 ሚሊ ቪቴ መምታት ነው። ሳጥኑ ይቀናል፤ እንዲያውም ፀጉር ታህል ቀና ይላል፣ ይህም ጥሩ ነው።

ሐዲዶቹን በየሁለት ቦዩ ያድርጓቸው። በቦዮቹ መካከል ያለው ርቀት 75 ሚሊ ከሆነ ከሐዲድ እስከ ሐዲድ 15 ሴንቲ ይሆናል፣ ለ7.5 ሴንቲ ሳጥንና ለእጅዎ ይበቃል። በየቦዩ ከደረደሩ ሳጥኑን ሳያወርዱ ምንም ማውጣት አይችሉም። ብረቱን ከመግጠምዎ በፊት አንቲረስት ይቀቡት፤ ከመኪና ሥር ተነስቶ የሚመጣ እጅ እርጥብ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። ሳጥን ከመግዛት ይልቅ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጠን ስላት ዎል ላይ ብንሰቅልስ? ሞክረን ነበር፤ በማስቲሽ የለጠፍነው በማግስቱ ወደቀ፣ በቪቴ የመታነው ደግሞ ቀዳዳው እየሰፋ ተቀደደ።

መልስ፦ ጀሪካኑ ጥሩ ሳጥን ይወጣዋል። የወደቀው የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊ ኤቲሊን ስለሆነ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ማስቲሽም፣ ሲሊኮንም፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርም አይዝበትም። ዘይት ሲቀርበት ደግሞ ይባስ። የተቀደደው ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ የሚለጠጥ ፕላስቲክ በመሆኑ ነው፤ ትንሽ የቪቴ ራስ በጊዜ ብዛት ያልፈዋል። ሁለቱም የሚፈታው ክብደቱን በሰፊ ብረት ላይ በማከፋፈል ነው።

በፈላ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ አጥበው ገልብጠው ያድርቁት፤ ዘይት የቀረበት ሳጥን የመጋዝ ብናኝ እየሰበሰበ ይጣበቃል። ሰፊው ጎን ጀርባ ይሁን። ጀርባውን እስከ ትከሻው ድረስ ሙሉውን ይተዉት፣ ፊቱን 8 ሴንቲ ላይ ይቁረጡት፣ ጎኖቹን ከጀርባ ወደ ፊት በሰያፍ ያውርዷቸው። እጀታውና አፉ ይወገዳሉ። ስለታም ካራ ይበቃል። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ካላለሰለሱት እጅ ይቆርጣል።

ቀጥሎ ጆሮ ይስሩለት። 1 ሚሊ ውፍረት ካለው ቁራጭ ላሜራ 12 በ5.5 ሴንቲ ይቁረጡና ከላይ 1.5 ሴንቲውን ወደ ኋላና ወደ ታች ያጥፉት፣ ከጀርባው ጋር 6 ሚሊ ክፍተት ይተዉ። ጀርባው ላይ ከላይኛው ጠርዝ 3 ሴንቲ ዝቅ ብለው፣ በ8 ሴንቲ ርቀት፣ ሁለት የ4 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ። ላሜራውን በሁለቱ ቀዳዳ በሪቬት ያያይዙት፤ የሪቬቱ ራስ ከላሜራው በኩል፣ የሚያብጠው ጫፍ ከጀሪካኑ ውስጥ በሮንዴላ ላይ ይሁን። ሮንዴላ ከሌለ ሪቬቱ ሲያብጥ ፕላስቲኩን ጎትቶ ያልፈዋል፤ የበፊቱ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሳጥኑ ከላይ ለጋራዡ ባለቤት በጻፍነው ሐዲድ ላይ ይሰቀላል፣ በአንድ እጅም ተነስቶ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛ ይሄዳል።

ምን ይገባበታል? የአሸዋ ወረቀት፣ ፊሸር፣ ማጠፊያ፣ የመሳቢያ እጀታ፣ ጨርቅ። ሚስማርና ብሎን በዚህ አይሞከርም። አንድ ሊትር ቦታ የሞላ ብሎን 3 ወይም 4 ኪሎ ይመዝናል፤ እንዲህ የተቆረጠ ጀሪካን 3 ሊትር ያህል ከያዘ ከ9 ኪሎ በላይ ሰቀሉ ማለት ነው። መስኮት ሥር ፀሐይ የሚያገኘውም ውሎ አድሮ ይሰባበራል።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። የምግብ ዘይት ከነበረበት ሌላ አይጠቀሙ። ቲነር ወይም ቤንዚን የነበረበትን በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ሲቆርጡ ውስጡ የቀረው ትነት በብልጭታ ይፈነዳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ደግሞ ታጥቦም አይጠራም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ብስክሌትና ሞተር እጠግናለሁ። ስላት ዎሉ ላይ ባለ አንድ እግር መስቀያ ገዝቼ 4 ኪሎ የሚሆን ሳጥን ሰቀልኩ። ሰሌዳው ራሱ ተገንጥሎ ወደቀ። ሻጩ «ይችላል» ብሎኝ ነበር። ሰሌዳው የማይረባ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ሻጩ ስለ ክብደቱ እንጂ ስለ ርቀቱ አላሰበም። 20 ሴንቲ ወደ ፊት የወጣ ሳጥን ክብደቱ በአማካይ ከሰሌዳው 10 ሴንቲ ላይ ያርፋል። የመስቀያው የጀርባ ሳህን ቁመት 4 ሴንቲ ከሆነ፣ 4 ኪሎው በ10 ተባዝቶ ለ4 ይካፈልና የቦዩን ከንፈር ወደ ውጭ የሚጎትተው 10 ኪሎ ይሆናል። ኤም ዲ ኤፍ ደግሞ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ሲጎተት እንደ እንጀራ በንብርብሩ ይላጣል። የጀርባ ሳህኑ 10 ሴንቲ ቢሆን ኖሮ ያው ሳጥን የሚጎትተው በ4 ኪሎ ነበር። ስለዚህ መስቀያ ሲገዙ የእግሩን ውፍረት ትተው የጀርባውን ቁመት ይዩ። አሉሚኒየም ያልተገጠመለት ቦይ ላይ በአንድ መስቀያ ከ5 ኪሎ አይለፉ፤ ያውም ጀርባው ረጅም ከሆነ ነው።

የተገነጠለውን ከንፈር ቁራጩ ካለዎት በእንጨት ኮላ ለጥፈው በሞርሳ አንድ ቀን ያቆዩት። ከዚያ በኋላ ግን ቀላል ነገር ብቻ ይስቀሉበት።

ሰሌዳው ከግድግዳው ጋር የተያያዘበትንም ይፈትሹ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። በመዶሻ የሚመታ ድሪል ከኋላ ያለውን ቅርፊት ሰብሮ ፊሸሩ የሚይዘው ያጣል፤ መዶሻውን አጥፍተው ይብሱ። መብሻው ድንገት ሰርጎ ከገባ ባዶው ላይ ነዎትና 5 ሴንቲ ፈቀቅ ይበሉ። 2.44 በ1.22 ሜትር ለሆነ ሰሌዳ 4 በ5 ሴንቲ ሊስቴሎ ሰባት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 1.22 ሜትር፣ በየ40 ሴንቲ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። እያንዳንዱን በአራት ባለ 10 ሚሊ ፊሸርና በ10 ሴንቲ ቪቴ ይምቱት፣ በድምሩ 28። ከዚያ ሰሌዳውን በ4 በ40 ሚሊ ቪቴ ከሊስቴሎው ጋር፣ በየሁለት ቦዩ፤ 56 ቪቴ ይበቃል። ቪቴ ያልገባባቸው ቦዮች ለሐዲድ ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ባለ 18 ሚሊ ሙሉ ሰሌዳ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ስለሚመዝን ለማንሳት ሁለት ሰው ይሁኑ። የታችኛውን ጠርዝ ከወለሉ 30 ሴንቲ ከፍ ያድርጉት፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ የጠጣ ኤም ዲ ኤፍ አብጦ ቦዩን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የቤቴ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የፒ ቪ ሲ ስላት ዎል አለ። መስቀያዎቹ በፓኬት ነው የሚሸጡት፣ ውድ ናቸው፤ የገዛኋቸውም ቦዩ ውስጥ ይወዛወዛሉ። እናንተ የምትሉት ፍላት ባር እዚህም ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ለእርስዎ የሚቀለው ሌላ ነው። መስቀያው የሚወዛወዘው የፒ ቪ ሲ ሰሌዳ ቦይ ከኤም ዲ ኤፍ ቦይ ጋር፣ አንዳንዴም ከሌላ ፋብሪካ ፒ ቪ ሲ ጋር በጥልቀት ስለማይመሳሰል ነው። ፓኬት ከመግዛትዎ በፊት አንድ መስቀያ ብቻ ገዝተው ይሞክሩ፣ ወይም ቁራጭ ሰሌዳ ይዘው ሱቅ ይሂዱ።

ርካሹ መንገድ ሁለት ባለ 12 ኢንች የመደርደሪያ መስቀያ ገዝቶ ላያቸው ላይ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ማጋደም ነው። ሳጥኖቹ ይቀመጡበታል፣ አይሰቀሉም፤ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ያገለግላል። 1.2 ሜትር ለሚሆን ጣውላ ከሁለት ይልቅ ሦስት መስቀያ ያድርጉ። ከፊት 2 ሴንቲ ቁመት ያለው እንጨት ይለጥፉበት፣ የጋራዥ በር ሲዘጋ በሚመጣው ንዝረት ሳጥኑ ተንፏቆ እንዳይወድቅ።

ፒ ቪ ሲ በሙቀት ይለሰልሳል። በበጋ የታፈነ ጋራዥ ውስጥ ለወራት ከባድ ነገር የተሸከመ ቦይ ይከፈትና ሲቀዘቅዝም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ያድርጉት። ስምንት ጫማ የሆነ ሰሌዳ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 4 ሚሊ ያህል ስለሚረዝም ከጎኑ ክፍተት ካልተተወለት ይጎብጣል። ቪቴዎቹ ደግሞ በየ16 ኢንቹ ከቆሙት የእንጨት ቋሚዎች ጋር መያያዛቸውን ያረጋግጡ። ጂብሰም ቦርዱን ብቻ የያዘ ቪቴ ሰሌዳውን ራሱን እንጂ ዕቃዎን አይሸከምም።

ጥያቄ፦ ሞባይል ጥገና ላይ ነኝ። የእኔ ሳጥኖች ቀላል ናቸው፣ ስክሪንና የስልክ ፍሌክስ ኬብል ብቻ ነው የሚይዙት። ለዚህም ብረት ማስቆረጥ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ቡቲክ ውስጥ ቀበቶ የሚንጠለጠልበትን ቀጭን ባለ አንድ እግር ሜንጦ ሁለት ይግዙ። የሳጥኑን ጀርባ ከወለሉ አጠገብ፣ ከግራና ከቀኝ ጫፉ 2 ሴንቲ ገባ ብለው ይብሱና ሁለቱን እግሮች ያሳልፉበት። ጫፋቸው ወደ ላይ የታጠፈ ስለሆነ ሳጥኑ ወደ ፊት አይወጣም። የሜንጦው እግር ከሳጥኑ ጥልቀት በ2 ሴንቲ ያነሰ ይሁን፤ የተረፈ ጫፍ ክርን ይወጋል። የተዘጋ ሱቅ ዕቃ በሚሸጥበት እነዚህ ሜንጦዎች በኪሎ ይገኛሉና መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ገና ምንም አልገዛሁም። አዳማ አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት እየከፈትኩ ነው። ስላት ዎል ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሰሌዳው ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ከሌለዎት ግን የእርስዎ ዕቃ ለኤም ዲ ኤፍ ከባድ ነው፣ የመበየጃ ብልጭታም ያቃጥለዋል። ያንኑ ባለ 30 ፍላት ባር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይምቱት። ባለ 10 ሚሊ ፊሸር፣ ከኋላው ማራቂያ የሚሆን ዳዶና ሮንዴላ፣ በየ40 ሴንቲ አንድ ቪቴ። ማራቂያው ከጆሮው ውፍረት 1 ሚሊ ይብለጥ፤ ከዚያ ከሰፋ ሳጥኑ ይዘማል። የመጀመሪያውን መስመር በሊቬላ ያስተካክሉ፣ የቀሩትን ከእሱ እየለኩ ወደ ታች ይውረዱ። ሱቅዎ ኮንቴነር ከሆነ ግድግዳውን አይብሱት፤ ዝናብ በቀዳዳው ይገባል። ከውስጥ ሁለት ቋሚ አር ኤች ኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ከወለሉና ከጣሪያው ማዕዘን ጋር በይደው ፍላት ባሩን እነሱ ላይ ይምቱት።